የትርፍ ጊዜ ሯጭ ሳምንት

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ከፈጸመ ወዲህ፣ ሩጫ በአገራችን የጀግኖች ግብር፣ የሰንደቅ ዓላማም ክብር ሆኖ ሲነገር ኖሯል፤ ከእርሱም በኋላ የተነሡት ማሞ ወልዴ፣ ምሩፅ ይፍጠር፣ ደራርቱ ቱሉና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ይህን ክብር እየተቀባበሉ ለትውልድ አስተላልፈውታል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ስመ ጥር ሰዎች በስተኋላ፣ ስሙ በጋዜጣ የማይወጣ፣ እንጀራውንም በሩጫ የማያገኝ፣ ነገር ግን ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቶ ቱታውን ለብሶ ከደጁ የሚወጣ ሌላ ሯጭ አለ። ስለ ሻምፒዮኖቹ ብዙ ስለተጻፈ፣ ዛሬ የዚህን ሰው ሳምንት እንመልከት።

ሳምንቱን ለመረዳት አስቀድሞ ሰዓቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ወይም መምህር ወይም ባለሱቅ፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝቶ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ፣ በሥራው ገበታ ላይ በጊዜው መገኘት ያለበት በመሆኑ፣ ለሩጫ የሚተርፈው ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም ካህኑ ለኪዳን፣ ዳቦ ጋጋሪውም ለምድጃው የሚነሡበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ግን መንገዱ ባዶ አይደለም። በክለብ የታቀፉ ወጣት አትሌቶች፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ኮቴያቸው እንደ አንድ ሰው ኮቴ እየተሰማ በአጠገቡ ያልፋሉ፤ ያን ጊዜም እነርሱን ተከትሎ የመሮጥ ፈተና ይመጣበታል። አትሌቱ ከልምምዱ ሲመለስ በልቶ ይተኛል፤ ዕረፍቱም እንደ ሩጫው ሁሉ የሥራው ክፍል ነው። የእኛ ሰው ግን ከሩጫው ተመልሶ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ይቀመጣል ወይም በጥቁር ሰሌዳ ፊት ይቆማል። የሻምፒዮንን ልምምድ ያለ ሻምፒዮን ዕረፍት የወሰደ ሰው ትርፉ የጉልበት ሕመም ነው፤ ስለዚህም በእኔ አስተያየት አማተሩን ሯጭ የሚሠሩት ቀስ ብሎ የሚሮጥባቸውና ጨርሶ የማይሮጥባቸው ቀናት ናቸው።

ሰኞ የዕረፍት ቀን ነው። ስለ ሰኞ ይህን ብቻ ብሎ ማለፍ በተቻለ ነበር፤ ዳሩ ግን ጀማሪ ሯጭ ሁሉ ዕረፍትን ከስንፍና ስለሚቆጥረው ጥቂት መናገር ግድ ይሆናል። ሩጫ በራሱ አካልን ያደክማል እንጂ አያበረታም፤ በጡንቻም ውስጥ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ጉዳት ያደርሳል። ብርታት የሚመጣው አካል በእንቅልፍና በምግብ ያን ጉዳት ሲጠግን፣ ሲጠግንም ከቀድሞው አጽንቶ ሲሠራው ነው። ሊጥ የሚቦካው ተቡክቶ ሲያድር እንደሆነ ሁሉ፣ የሯጭም ጉልበት የሚያድገው በተኛበት ነው። ከዚህም ሌላ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ሲበረቱ፣ ጅማትና አጥንት ወራትን የሚሹ በመሆናቸው፣ ሰውየው ትንፋሹ ተስተካክሎ «አሁንስ ቻልኩ» በሚልበት ጊዜ ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ገና አልተዘጋጁም፤ ብዙ ጀማሪዎች ጥቂት ወራት ደኅና ሮጠው ከዚያ በኋላ እያነከሱ የሚቀሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ማክሰኞ የፍጥነት ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው፣ በተለይም እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ ከሆነ፣ ብርቱውን ልምምድ በእነዚህ ቀናት ማድረግ ስለማይገባው ማክሰኞንና ሐሙስን ይመርጣል። ሩብ ሰዓት ያህል ሰውነቱን ካሟሟቀ በኋላ፣ ሁለት ደቂቃ ፈጠን፣ ሁለት ደቂቃ ዝግ እያለ ስምንት ጊዜ ያህል ያፈራርቃል። ሯጮቻችን ፋርትሌክ የሚሉት ይህን የመሰለው ልምምድ በ1930ዎቹ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ጎስታ ሆልመር በሚባል የስዊድን አሠልጣኝ የተጀመረ ነው፤ የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ከስዊድን የመጣ ሰው ነበር። በየቡድኑ ልምምዱን ሁሉ ውድድር የሚያደርግ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ከእርሱ መራቅ ይሻላል፤ እሑድ ሲደርስ ጉልበቱን ማክሰኞ ጨርሶት ይገኛልና።

ረቡዕ አርባ ደቂቃ ያህል በዝግታ ይሮጣል። የዝግታው መለኪያ ሰዓት አይደለም፤ ከባልንጀራው ጋር ትንፋሽ ሳያጥረው እየተጫወተ መሮጥ ከቻለ መጠኑን አግኝቷል፤ ቃሉን እየቆራረጠ የሚናገር ከሆነ ግን ፈጥኗል። ይህ ሕግ በየትም አገር የሚሠራ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን የበለጠ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ አየሩ ስለሚሳሳ አንድ ትንፋሽ የሚሰጠን ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ከሚሰጠው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። የሥነ ፍጥረት ጥበብ ለዚህ መላ አበጅቶለታል፤ ኩላሊት የኦክስጅኑን ማነስ ሲያውቅ ወደ ደም ውስጥ ንጥረ ነገር ይሰዳል፣ በዚያም ትእዛዝ በአጥንት ውስጥ ያለው መቅኒ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ነገር ግን ይህ የሳምንታት ሥራ ነው። በኅዳር ወር ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ መጥቶ ዘመድ ጠይቆ በዚያውም ለመሮጥ ያሰበ ወገናችን፣ በአገሩ ብርቱ ሯጭ ቢሆንም እንኳ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረቱን ይዞ የሚቆመው ስለዚህ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ወይም ወደ ድሬዳዋ የወረደ ሯጭ ደግሞ በተቃራኒው ትንፋሹ ይቀልለታል።

ሐሙስ የዳገት ቀን ነው፤ ለአዲስ አበባ ሯጭም ዳገት ማለት እንጦጦ ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ገና በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ባቱ ይከረራል፣ ትንፋሹም ከእርምጃው ይቀድማል፤ ባህር ዛፉ መሽተት ሲጀምር ግን መንገዱ ይለሰልሳል። በጫካው ውስጥ አትሌቶቹ ቀጥ ብለው አይሮጡም፤ ፊተኛው በዛፎቹ መካከል ወዲህና ወዲያ እየተጠማዘዘ ይመራል፣ የኋለኞቹም በአንድ መስመር ይከተሉታል፣ ሥር ወይም ጉድጓድ ሲያይም ለኋለኛው በእጁ ምልክት ያሳያል። መሬቱ በቅጠል የተነጠፈ ስለሆነ እንደ አስፋልት ጉልበትን አይመታም። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ከፍታ ማንም ሰው ፈጥኖ መሮጥ ስለማይችል፣ ትዕቢተኛው ሁሉ ሳይወድ በግድ ትሑት ይሆናል፤ እንጦጦን ከሁሉ ይልቅ የምወድለት ጠባዩ ይህ ነው። ወጣቶቹ ሲያልፉት «አይዞን ጋሼ፣ በርቱ!» ይሉታል፤ ማገዶ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት እናቶች ግን ዘወር ብለው አያዩትም፤ ከእርሱ የከበደ ልምምድ በጀርባቸው ላይ ስላለ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በቅዳሜና እሑድ ሰዉ በዝቷል፤ ሌሊት ግን ተራራው የጅብ ነውና ብቻ መውጣት አይመከርም።

ዓርብ ጥቂት ይራመዳል ወይም ጨርሶ ያርፋል። ቅዳሜ፣ ውድድር በሌለበት ሳምንት፣ የረጅሙ ሩጫ ቀን ነው፤ ማልዶ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወይም ወደ ሰንዳፋ መንገድ ይሄዳል፣ በዚያም ከሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በዝግታ ይሮጣል። ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ እንጀራ በሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ ከሩጫ በኋላም በሃይላንድ የተበጠበጠ በሶ ከበቂ በላይ ነው። ጫማ ግን ያሳስባል። ብዙው ሰው ከሰልባጅ ተራ በቅናሽ የሚገዛው የመሮጫ ጫማ፣ ላዩ ታጥቦ አዲስ ቢመስልም፣ የውስጥ ሶሉ ሌላ ሰው ሮጦበት ያለቀ ሊሆን ስለሚችል፣ ሶሉን በአውራ ጣት ተጭኖ ተመልሶ መነሣቱን ሳያዩ መግዛት አይገባም።

እሑድ ውድድር ካለ ቅዳሜ ሃያ ደቂቃ ብቻ ተፍታትቶ ይመለሳል። ከተማችን ለአማተር የምታዘጋጀው ውድድር በዓመት ውስጥ ብዙ ነው፤ መሥሪያ ቤቶችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት የአምስትና የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ያዘጋጃሉ፣ ሴቶችም በመጋቢት ወር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸው የአምስት ኪሎ ሜትር ውድድር አላቸው። ከሁሉ የሚልቀው ግን በኅዳር የሚደረገው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው፤ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ተሳተፈበት፣ አሸናፊውም ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበረ፤ ዛሬ ተሳታፊው ከ40,000 በላይ ሆኗል።

የዚያን ዕለት ጧት ሰውየው ካናቴራውን ለብሶ፣ የደረቱን ቁጥር በአራት መርፌ ቁልፍ አያይዞ፣ የቤቱንም ቁልፍ በጫማው ማሰሪያ ውስጥ አሥሮ መስቀል አደባባይ ሲደርስ፣ አደባባዩ በአንድ ዓይነት ልብስ ተሞልቶ፣ ዘፈኑ፣ ጭፈራውና ጥሩንባው ምድሪቱን ሲያናውጣት ያገኛል። ከፊት የቆሙት አትሌቶች አሥሩን ኪሎ ሜትር ከ29 ደቂቃ በታች ይጨርሱታል፤ እነርሱ ሲጨርሱ ከኋላው ያለው ሕዝብ ገና መንገድ ላይ ነው። የአማተሩ ትልቁ ፈተና የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ነው። በ55 ደቂቃ ሊጨርስ ያሰበ ሰው አንዱን ኪሎ ሜትር በአምስት ደቂቃ ተኩል መሮጥ ሲገባው፣ ሕዝቡ ሲነጉድ አብሮ ይነጉድና በአራት ደቂቃ ተኩል ያልፈዋል፤ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጎኑን ውጋት ይይዘዋል፣ ዳገቱም ሲመጣ እጁን በወገቡ አድርጎ ይራመዳል። ዳር ቆመው በጎማ ውሃ የሚረጩት ሰዎች፣ «ኃይሌ! ኃይሌ!» እያሉ የሚጮኹት ሕፃናትም ለእንዲህ ያለው ሰው ይደርሱለታል። ልምምዱን በትዕግሥት የፈጸመው ግን ቀስ ብሎ ይጀምርና ከስድስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ሰዎችን አንድ በአንድ እያለፈ ይመጣል፤ በዚህም የሚገኘው ደስታ የሳምንቱ ደመወዝ ነው። ከሰዓቱ ጋር የሚታገሉ አንዳንድ ሯጮች እየጨፈሩ በሚሄዱት ሰዎች ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ፤ ልክ አይደሉም፤ ለሰዓት የሚሮጥ ሰው ቀድሞ መጥቶ ከፊት ይቁም፣ ጭፈራውም የበዓሉ ግማሽ ነው።

ቅዳሴውን ለሚያስብ ሰው የሰንበት ውድድር መቸገሪያ መሆኑ አይካድም፤ አንዳንዱ ከሌሊት አስቀድሶ ይመጣል፣ ሌላው ውድድሩን ይተወዋል፤ ይህ የየራሱ ኅሊና ነገር ነው።

አንድ ልመና ግን አለኝ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው መኪና የማይገባበት የእሑድ መንገድ በወር አንድ ቀን ነው፤ በቀሩት ቀናት ሯጩ ከመኪና ጋር አስፋልት ይጋራል። ስለዚህ ሌሊት የምትነዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሯጭ ስታዩ ፍጥነት ቀንሱ፣ ረጅሙንም መብራት ዝቅ አድርጉ። ሯጮችም ነጣ ያለ ልብስ ልበሱ፤ መኪናው ፊት ለፊታችሁ እንዲመጣ በግራ በኩል ሩጡ፤ ዕድሜያችሁ ከአርባ ካለፈ ወይም የደም ግፊት ካለባችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን ማክሰኞ ከመሮጣችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ተመርመሩ።