ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ለሚውሉ

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ ገብቶ ኮምፒውተሩን የከፈተ ሰው የዙህር አዛን እስኪሰማ 4 ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ብዙዎቻችን «ሶላት ያስነሳናል፣ እሱ ይበቃናል» እንላለን። በእርግጥ ለውዱእ መነሳትና ወደ መስጂድ መራመድ ሰውነትን ያፍታታል። ነገር ግን ሶላት ዒባዳ እንጂ ለጀርባ ሕመም የታዘዘ ስፖርት አይደለም። በሶላቶች መካከል ያለውን ረጅም መቀመጥ በየመሃሉ ማቋረጥ የራሳችን ሥራ ነው።

ከዓይን እንጀምር። ሰው በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ይህ ቁጥር በጣም ይቀንሳል። እንባ በዓይን ላይ የሚዳረሰው ስናርገበግብ ስለሆነ ዓይን ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ ይቀላል፤ ወደ ማታ ደግሞ ብዥ ይላል። ይህ ማለት ስክሪኑ ዓይን አጠፋ ማለት አይደለም። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ይመልከቱ፤ ሆን ብለውም ያርገብግቡ። «ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል» እየተባለ ለሚሸጠው መነጽር ግን ገንዘብዎን አያውጡ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኮክሬን ግምገማ 17 ጥናቶችን መርምሮ የዓይን ድካምን ይቀንሳል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። ዕድሜዎ ከ40 ካለፈና ፊደል ለማየት አንገትዎን የሚያሰግጉ ከሆነ የሚያስፈልግዎ የዓይን ምርመራ ነው።

ስክሪኑ የክንድ ርዝመት ያህል ይራቅ፤ የላይኛው ጠርዙ ከዓይንዎ ከፍታ አይለፍ። ላፕቶፕ እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ ስክሪኑ ከፍ ሲል ኪቦርዱም አብሮ ከፍ ይላል። ከሥሩ ጠንካራ ካርቶን ወይም ወፍራም መጽሐፍ አድርጎ (ኪታብ አላልንም!) ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውዝ መጠቀም ይሻላል። የሚጠጡትን ውሃም ከጠረጴዛው ራቅ አድርገው ያስቀምጡት፤ በጠማዎ ቁጥር ይነሳሉ።

ከሁሉ ቸል የሚባለው የእጅ መደንዘዝ ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሃል ጣት ደንዝዘው ከሌሊት እንቅልፍ የሚቀሰቅሱዎ ከሆነ በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። «ድካም ነው» እያሉ ወራት ካሳለፉ በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ሊሟሽሽ፣ ዕቃም ከእጅ ሊወድቅ ይችላል። ቶሎ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ግን ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ በሚይዝ ማሰሪያ ሊሻለው ይችላል። በሱጁድ ጊዜ መዳፍዎ ላይ መደገፍ የሚያምዎት ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩት።