በዘፈኑ መሀል የተቀዳው ቤት

ሐዋሳ ውስጥ ባለችው ጠባብ ሱቄ ሥራዬ አሮጌ ካሴት ወደ ፍላሽና ወደ ስልክ መገልበጥ ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው በ35 እና በ60 መካከል ነው። በፌስታል ጠቅልለው የሚያመጡልኝም ጥላሁንን፣ ማህሙድን፣ አስቴርን፣ ኤፍሬም ታምሩን፣ ነዋይ ደበበን፣ በልጅነታቸው ቤት ውስጥ ሲዘፈን የሰሙትን ነው። ዘፈኑን ብቻ ቢፈልጉ እኔ ዘንድ ባልመጡ ነበር። ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከካሴቱ ጠርቶ። የሚፈልጉት ሌላ ነገር መሆኑን የተረዳሁት ሥራዬ እያንዳንዱን ካሴት ከዳር እስከ ዳር መስማት ስለሚያስገድደኝ ነው።

ሙዚቃ ቤቶች ያሳተሙት ኦርጂናል ካሴት በስተጀርባው በኩል ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። እነሱ ክፍት እስከሆኑ ድረስ ቴፑ በላዩ ላይ አይቀዳም። ልጆች ግን መላውን ያውቁ ነበር፤ ቀዳዳውን በወረቀት ወይም በፕላስተር ድፍን ያደርጉና ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ይጫናሉ። ስለዚህ በፍቅር ዘፈን መሀል ድንገት ቀጭ ይልና የአራተኛ ክፍል ተማሪ ዜና ያነባል። እህቱ ትስቃለች። ዶሮ ይጮኻል። አንድ ሰው ከጓዳ ይጣራል። ከዚያ ዘፈኑ ካቆመበት ሳይሆን ካለፈበት ቦታ ይቀጥላል።

አንዲት ደንበኛዬ አባቷ የሐዋሳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ያመጣችው የኤፍሬም ታምሩ ካሴት ሁለተኛው ገጽ ላይ እሷ በሕፃን ድምፅ ስትቆጥር ይሰማል። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ አባቷ ከሩቅ «አንቺ ልጅ፣ ዘፈኑን አጠፋሽው እኮ!» ይላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። «ወንድሜ፣ እስቲ መልስልኝ» አለችኝ። መለስኩላት። አባቷ ካረፉ ቆይተዋል፤ ድምፃቸው የተቀዳበት ሌላ ነገር ቤተሰቡ የለውም። ሕፃኗ ያኔ ያጠፋችው ዘፈን ዛሬ በየትም ይገኛል፤ የማይገኘው ያ ቁጣ ነው።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። በብዙ ቤት ቴፑ አንድ፣ መራጩም አባት ወይም ታላቅ ወንድም ነው። ልጅ የታላላቆቹን ዘፈን ሳይመርጥ ይወርሳል። ካሮል ክራምሃንስልና ጀስቲን ዙፕኒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው 20 ዓመት ገደማ የሆነ ወጣቶች የራሳቸውን ዘመን ዘፈን ብቻ ሳይሆን ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ የወጣውንም ከግል ትዝታ ጋር አያይዘው እንደሚያስታውሱት አሳይተዋል። እኔ ይህንን በየቀኑ አየዋለሁ። በ1970ዎቹ የተወለደ ሰው አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ በሸክላ ያሳተማቸውን ዘፋኞች እንደ እኩዮቹ አድርጎ ያወራቸዋል። ልጆቹ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የወጣውን የቴዲ አፍሮን «ያስተሰርያል» በአባታቸው መኪና ውስጥ ሰምተው አድገው ዛሬ የራሳቸው ያደርጉታል።

ሐዋሳ ደግሞ በዚህ ነገር የተለየች ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት፤ ለፋብሪካው፣ ለእርሻ ኮሌጁ፣ ለመንግሥት ሥራ ሰው ከየአቅጣጫው መጣባት። ስለዚህ ከአንድ ቤት የመጣ አንድ ካርቶን ውስጥ የሲዳማ፣ የወላይታ፣ የአማርኛና የትግርኛ ዘፈን አብረው ይገኛሉ፤ አሊ ቢራ አለ፤ ማይክል ጃክሰን አለ፤ የሕንድ ፊልም ዘፈን አለ። ቦብ ማርሌ እ.ኤ.አ. በ1978 ጎረቤታችን ሻሸመኔ መጥቶ ነበርና ካሴቱ ከእኛ ሰፈር አለመጥፋቱ አይገርምም። የዚህችን ከተማ ልጅነት ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ካርቶኖች ቢጀምር ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ ጉዳቱ ልናገር። የካሴት ክር ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሴኮንድ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በቆርቆሮ ጣራ ሙቀትና በሐይቁ እርጥበት መካከል ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት ነጭ ሻጋታ ያበቅላል። ክሩን ወደ ቴፑ «ሄድ» (ድምፁን ወደሚያነበው ክፍል) የምትገፋው ትንሿ ስፖንጅ ተልጣ ትወድቃለች፤ ያኔ ድምፁ ይታፈናል፤ ባለቤቱም ካሴቱ ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። አልሞተም። ቀፎውን ቀይሬ፣ የሄዱን ብሎን ያ ካሴት በተቀዳበት አቅጣጫ ሳስተካክል ብዙ ጊዜ ድምፁ ተመልሶ ይመጣል። ሌላም አለ፤ ክሩ ተጠምጥሞ ሲቆይ የአንዱ ዙር መግነጢስ ወደ ጎረቤቱ ዙር ይጋባል። ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት የራሱ ድምፅ በስሱ፣ ከግድግዳ ወዲያ እንዳለ ሰው የሚሰማው ለዚህ ነው። በካሴት ያደገ ሰው ይህን ጥላ ከዘፈኑ ጋር በቃሉ ይዞታል።

ወጣት ባልደረቦቼ ድምፁን በኮምፒውተር አጥበው ያስረክባሉ። እኔ አልስማማም። ፕሮግራሙ የክሩን «ሽሽ» የሚል ድምፅ ሲያጠፋ የጓዳውን ድምፅ፣ ዝናቡን፣ ሳሉን አብሮ ይጠርገዋል፤ ለእሱ ሁሉም ረብሻ ነው። ስለዚህ ለደንበኛ ሁለት ቅጂ እሰጣለሁ፤ አንዱ የጸዳ፣ አንዱ እንዳለ። ዓመት ቆይተው ሲመለሱ የሚያወሩልኝ ስለ ሁለተኛው ነው። ዘፈን አባዝቼ ለሌላ ሰው አልሸጥም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ባይኖርም ደግሞ የዘፋኙ እንጀራ ነው።

ከሁሉም የሚከብዱኝ የድምፅ ደብዳቤዎቹ ናቸው። ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ የተላከ፣ አንዱ ገጽ ሰላምታ ሌላው ገጽ ዘፈን የሆነ ካሴት። ላኪዋ የምትወደውን ዘፈን ቀድታ፣ በመሀሉ የእያንዳንዱን ልጅ ስም እየጠራች ትስመዋለች። ልጆቹ ያንን ዘፈን ዛሬ ሲሰሙ ስማቸውን ይጠብቃሉ።

ቁም ሳጥን ላይ ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ እለምናችኋለሁ፦ ሻጋታ ያለበትን ካሴት ቴፕ ውስጥ አታስገቡት፤ ክሩንም ሄዱንም ታበላሻላችሁ። ዘፈኑ ስልኬ ላይ አለ ብላችሁም አትጣሉት። እናት አባታችሁ በሕይወት ካሉ አብራችሁ ስሙትና የሚናገረው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ስሙንና ዓመቱን ሽፋኑ ላይ ጻፉ። ይህንን እኔ ልሠራላችሁ አልችልም።