በማን ስም ነው የሚሠራው?

አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ለአራት ሠራተኛ በሚዳረስባቸው ቢሮዎች አንድ አቤቱታ አይጠፋም፦ «በእሷ አካውንት ሲከፈት አንቲቫይረሱ ደህና ነው፤ በእኔ ሲከፈት ቀይ ያሳያል።» ለሰሚው እንቆቅልሽ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ አንቲቫይረሱም አንድ ነው። ቫይረስ የሚለይበት ፋይል እንኳ ለሁሉም አካውንት በአንድ ቦታ የተቀመጠ ነው። ታዲያ ሰው በተቀየረ ቁጥር ውጤቱ ለምን ይቀየራል? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንቲቫይረሱ ውስጥ የለም። አፕዴቱን በየቀኑ እንዲያመጣ የታዘዘው ሥራ በማን ስም ተመዝግቧል? እኔ ፍለጋዬን የምጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

አንድ ሂሳብ ክፍል ልጥቀስ። ኢንተርኔቱ ስለሚጨናነቅ አፕዴቱ አንድ ጊዜ ወደ ቢሮው ሰርቨር ይወርዳል፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር በኩል በየቀኑ ከዚያ ይወስዳሉ። ገንዘብ ያዧ ገና ሳልቀመጥ «ልጄ፣ ባለፈው ሳምንትም ጓደኛህ መጥቶ ሠርቶት ነበር እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ባለሙያው ይመጣል፣ አፕዴት የሚለውን ይጫናል፣ ምልክቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ አስፈርሞ ይሄዳል። በሳምንቱ ቀዩ ይመለሳል።

ታስክ ስኬጁለሩን ስከፍት ሥራው የተመዘገበው በሂሳብ ሹሟ አካውንት ሆኖ አገኘሁት፤ ከሥሩም ተጠቃሚዋ ሎግ ኢን ስታደርግ ብቻ እንዲሠራ የሚያዘው አማራጭ ተመርጧል። ሂሳብ ሹሟ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናቸው። ኮምፒውተሩም አብሯቸው ፈቃድ ወጥቷል ማለት ነው።

ብዙዎች እዚህ ላይ የሚወስዱት እርምጃ ሁለተኛውን አማራጭ መምረጥ ነው፤ ሰውየው ሎግ ኢን አደረገም አላደረገም ሥራው ይሂድ የሚለውን። ዊንዶውስ ያን ጊዜ የአካውንቱን ፓስዎርድ ይጠይቅና ያስቀምጠዋል። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ሰላም ይሆናል። ከዚያ ፓስዎርድ የሚቀየርበት ወቅት ይደርሳል። ባለቤቱ ይቀይራል፤ የተቀመጠው ግን የድሮው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው በሰዓቱ ተነስቶ «የተጠቃሚ ስም ወይም ፓስዎርድ ትክክል አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። ማስጠንቀቂያው የሚጻፈው ማንም በማያየው ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ በስክሪኑ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ለጥበቃ ሲባል የወጣው የፓስዎርድ ደንብ ሌላውን ጥበቃ ያስቆመዋል።

ሁሉንም የሚጠብቅ ሥራ በአንድ ሠራተኛ ስም መመዝገብ የለበትም። ዊንዶውስ ለዚህ ሲስተም የሚባል የራሱ አካውንት አለው፤ ጊዜው የሚያልፍ ፓስዎርድ የለውም፣ ፈቃድ አይወጣም፣ ማንም ሎግ ኢን ባያደርግም ይሠራል። ግን ዝውውሩ ጣጣ አለው። ሠራተኛዋ የሰርቨሩን ፎልደር ዜድ በሚል ድራይቭ ታየው የነበረ ከሆነ ሲስተም ያንን ድራይቭ አያውቀውም፤ ሙሉው የኔትወርክ አድራሻ ሊጻፍለት፣ ፎልደሩም ለኮምፒውተሩ ራሱ የማንበብ ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል። የፕሮክሲ ቅንብርም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ሰው አካውንት የተሞላው ለሲስተም አይደርሰውም። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ሌላ ነው። ሲስተም በኮምፒውተሩ ላይ የማይችለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። እሱ የሚያስኬደውን ፋይል ተራ ተጠቃሚ ከፍቶ መቀየር የሚችል ከሆነ የቤቱን ቁልፍ በር ላይ ሰቅለን ሄድን ማለት ነው።

ስሙ ተስተካክሎ ሰዓቱ የሚስትበት ጊዜም አለ፤ ይህኛው የእኛው አገር ጉድ ነው። ኃላፊው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሁን ይላሉ፤ ሥራውን የሚሞላው ልጅ 3 ኤኤም ብሎ ይጽፋል። ያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ያድራል። ያለፈው ሰዓት እንደገና እንዲሞከር የሚያዘው ሳጥን ምልክት ካልተደረገበት ሥራው ያንን ቀን ዘልሎ ነገ ሌሊት ይጠብቃል። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ታስክ ስኬጁለር ሲጀመር ጀምሮ በባትሪ ላይ ሥራ እንዳይነሳ ተደርጎ የተቀመጠ ነው፤ መብራት በጠፋ ሰዓት የተቀጠረ አፕዴት ይቀራል። በቀጥታ ከኢንተርኔት የሚያወርድ ኮምፒውተር ላይ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ካለቀ ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመለሳል፤ ያኔ የድረ ገጹ ሰርተፍኬት ገና ያልጸና ይመስለውና ግንኙነቱ ይቋረጣል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ቀይ ምልክት ነው ወይ የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ነው። ማይክሮሶፍት እሱ የገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 ነበር። ዋናክራይ በዚያው ቀዳዳ የገባው ሜይ 12 ነው፤ ሁለት ወር ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው። ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አሰረዘ። መድኃኒቱ ነበረ፤ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ጋ ግን አልደረሰም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው።

ስለዚህ አስተካከልኩ ከማለቴ በፊት በአድሚን አካውንት የሚታየውን አረንጓዴ አላምንም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳለሁ፤ ማንም ሎግ ኢን ሳያደርግ የቀጠሮው ሰዓት እንዲያልፍ እጠብቃለሁ። ከዚያ ትንሹ ፈቃድ ባለው አካውንት፣ በገንዘብ ያዧ፣ ገብቼ የቫይረስ መለያ ፋይሉን ቀን አነባለሁ። ታስክ ስኬጁለር ውጤቱን «0» ብሎ መጻፉ ብቻውን አይበቃኝም፤ ዜሮ ትእዛዙ ተጀምሮ ማለቁን እንጂ ፋይሉ መገልበጡን ሁልጊዜ አያረጋግጥም። ቀኑ ግን አይዋሽም።

ያም ሆኖ ሰው ከነጭራሹ ይውጣ አልልም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የኮምፒውተር ጥበቃ ሶፍትዌር የሚሠራው የክራውድስትራይክ ኩባንያ አንድ የተበላሸ አፕዴት በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጥሏል፤ አውሮፕላኖች ቆመዋል። በራሱ የሚሄድ ነገር ስህተትንም በራሱ ያዳርሳል። ሥራው የኮምፒውተሩ ይሁን፤ ቀኑን በየሳምንቱ የሚያነብ ሰው ግን በስም ይመደብ።

ለቢሮ ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ገንዘብ አይጠይቅም። ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ያዞራል፤ ላፕቶፑን፣ ቁልፉን፣ ማኅተሙን ያስረክባል። በዚያ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ በዚህ ሠራተኛ አካውንት በራሱ የሚሠራ ሥራ አለ ወይ? ካለ ወደ ማን ተዛወረ? ረዘም ያለ ፈቃድ የሚወጣም ይሙላው። አካውንቱ ከመዘጋቱ በፊት አይቲ ክፍሉ ይፈርምበት።