ጓዱን ጥሎ ያልሄደው አብራሪ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የፋርጣና የጋይንት ቀበሌዎች ሰው በሩቅ አገር ሞቶ አስከሬኑ ሳይመጣ ሲቀር፣ ለቅሶው ላይ ልብሱና ፎቶግራፉ ይወጣል። ያን የመሰለ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ቤተሰቡን ከሞቱ በላይ የሚያንገበግበው «ማን ነበር አጠገቡ? ማን አነሳው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለወደቀ ጓዱ የተመለሰ ወታደር ታሪክ ሲነገር ጆሯችን የሚቆመውም ለዚሁ ነው። ከእነዚህ ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው በአገራችን፣ በድሬዳዋ ነው።

ዕለቱ መጋቢት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር። ኢጣሊያን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት የሚደረገው ጦርነት ተፋፍሟል። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላኖች በጠላት እጅ የነበረውን የድሬዳዋ አየር ማረፊያ ሲደበድቡ፣ ከምድር የተተኮሰ ጥይት የሻምበል ጃክ ፍሮስትን አውሮፕላን መታው። ፍሮስት እንደምንም ብሎ በአቅራቢያው ባለ ሌላ ማረፊያ ላይ አረፈ። አካባቢው ግን የኢጣሊያ ጦር ያለበት ነው። መማረኩ የደቂቃዎች ጉዳይ ነበር።

መቶ አለቃ ሮበርት ከርሾ ይህን አይቶ ዝም ብሎ አላለፈም። አውሮፕላኑን ቁልቁል አውርዶ ከጓዱ አጠገብ አሳረፈ። ሌሎቹ አብራሪዎች ጠላት እንዳይጠጋ ከላይ እየዞሩ ጠበቋቸው።

የሚያበሩት ሀሪኬን የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን ነበር፤ መቀመጫው አንድ ብቻ ነው። ምን ይደረግ? ፍሮስት ገብቶ ከርሾ ጭን ላይ ተቀመጠ። ሥራውንም ተካፈሉት፤ ፍሮስት የእጅና የእግር መሪውን ያዘ፣ ከርሾ ደግሞ ጎማውንና የክንፉን መዘርጊያ ተቆጣጠረ። ሁለቱ እንደ አንድ ሰው ሆነው አስነሷት፤ በሰላምም ጣቢያቸው ገቡ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ድሬዳዋ ከኢጣሊያ እጅ ወጣች። በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ደብረ ታቦር የነበረው የኢጣሊያ ጦርም እጁን ሰጠ። ከርሾ ከእንግሊዝ ከፍተኛ ወታደራዊ ኒሻኖች አንዱ የሆነውን «ዲስቲንጉሽድ ሰርቪስ ኦርደር»ን ተሸለመ፤ ከደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ይህን ኒሻን በማግኘት የመጀመሪያው ሰው ነው።

የፍሮስት ዕድሜ ግን አልረዘመም። ሰኔ 9 ቀን 1934 ዓ.ም. በሊቢያ በረሃ ሰማይ ላይ ሲዋጋ ጠፋ። ተፈለገ፤ አስከሬኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስሙ ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ባለው መታሰቢያ ላይ ተጽፏል። ለቤተሰቡ ይህ ስም፣ እኛ ዘንድ በለቅሶ ላይ እንደሚወጣው ልብስና ፎቶግራፍ መሆኑ ነው።

የእኛም አብራሪዎች ቤተሰቦች ይህን ያውቁታል። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው 11 ዓመት ታስረዋል። እሳቸው ተመልሰዋል። ያልተመለሱም ብዙ ናቸው።

ለልጆቻችን ስለ ጀግና ስናወራ ስንት ጠላት እንደጣለ እንቆጥራለን። ከርሾ ግን ኒሻኑን ያገኘው ጠላት ጥሎ ሳይሆን አንድ ሰው አንስቶ ነው። ዛሬ ማታ ለልጅዎ ታሪክ ሲነግሩ፣ ይኼኛውን ይንገሩት።