ጥጃ ተቅማጥ ሲይዘው የሚጎድለው ውኃና ጨው

በምዕራብ ሐረርጌ፣ በበደሳና በአካባቢው፣ በሬ አስሮ የማሽላ ቅጠልና አገዳ እየቀለቡ ማድለብ የቆየ ሙያ ነው። ይሁንና ሰንጋው ለገበያ የሚደርሰው በእንቦሳነቱ ተቅማጥን ካለፈ ነው።

ተቅማጥ የያዘውን ጥጃ ብዙ ጊዜ የሚገድለው የፈሳሽ መጉደል ነው። በእንስሳ ገላ ውስጥ ያለው ውኃ ከፊሉ በሴሎች ውስጥ፣ ከፊሉ ከሴሎች ውጭ ይገኛል። ከሴሎች ውጭ ያለው የደሙ ውኃና ሴሎችን ከብቦ የሚገኘው ፈሳሽ ሲሆን፣ በቦታው የሚይዘው በገበታ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው። የዚህ ፈሳሽ ድርሻ በእንቦሳ ገላ ከአዋቂ ከብት ይበልጣል። ተቅማጥ ውኃውንም ሶዲየሙንም ይዞ ይወጣል። ደሙ ይወፍራል፣ እግርና ጆሮ ይቀዘቅዛሉ፣ ዓይን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ የአንገት ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ አይመለስም።

አንዳንድ አርቢ «ከጠጣ ይብስበታል» በማለት ጥጃውን ከወተትም ከውኃም ይከለክላል። ይህ የጎደለውን ይበልጥ ማጉደል ነው። ባዶ ውኃ ብቻ መስጠትም አይበቃም፤ የወጣው ጨው አልተመለሰምና። ሶዲየም በአንጀት በደንብ የሚሰርገው ከግሉኮስ ጋር ሲሆን ነው፤ ውኃውም ይከተላቸዋል። በዚሁ ዘዴ በ1971 እ.ኤ.አ. በሕንድ ድንበር በነበሩ የስደተኞች መጠለያዎች በኮሌራ የታመሙ ብዙ ሰዎች ድነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጸም እናሳስባለን። የሻይ ስኳር በቤት ለሚዘጋጀው የሰው መድኃኒት ይሆናል፤ የጥጃ አንጀት ግን ሊፈጨው ስለማይችል ተቅማጡን ያባብሳል። ስለዚህ ለጥጃ የተዘጋጀው ዱቄት ካልተገኘ፣ ግሉኮስ ያለበት የሰው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጥበጥ።

መጠኑን በሂሳብ እንየው። 25 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ ከክብደቱ 8 በመቶ ፈሳሽ ከጎደለው፣ የጎደለው 2 ሊትር ነው፤ ተቅማጡ ካልቆመ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ይህ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ ለብ ብሎ ይሰጥ። ከወተት ጋር አይቀላቀል፤ ጥጃው እናቱን መጥባቱን ሳያቋርጥ በጥቢና በጥቢ መካከል ይሁን።

መጥባት ላቃተው ጥጃ ግን በአፉ በጠርሙስ ማንቆርቆር ክልክል ነው፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይገባል። እንዲህ ያለው ጥጃ በደም ሥር ፈሳሽ ስለሚያስፈልገው ሳይመሽ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ጥቂት ፓኬት አስቀድመው ገዝተው በመጋዘን ቢያኖሩ፣ አባሉ ሌሊት ለሚታመምበት ጥጃ ጠዋት ሱቅ እስኪከፈት አይጠብቅም።