ከዲሽ እስከ ሃርድ ዲስክ

ኮምፒውተር ላይ ቴሌቪዥን ማየት በራሱ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ስክሪኑ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ያንሳል፣ ወንበሩም አይመችም፤ ለማየት ብቻ ከሆነ ሪሲቨርና ሪሞት ይበቃሉ። የኮምፒውተሩ ጥቅም የሚታየው መቅዳት ሲጀምር ነው። ያኔ ከሰማይ መጥቶ ወዲያው የሚያልፈው ምስል ማንም አምራች ያልቆለፈው ተራ ፋይል ሆኖ በተመልካቹ እጅ ይቀራል፤ ይቆረጣል፣ ይባዛል፣ ከዓመታት በኋላም በሌላ ማሽን ይከፈታል። ይህ ለምን ቁም ነገር እንደሚሆን ለመረዳት አንድ ነገር ማመን ይጠይቃል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የገዛ ሥራቸውን ጠብቆ በማቆየት በኩል ታማኝ ሆነው አያውቁም። ማስረጃው ወደ በኋላ ይመጣል፤ አስቀድሞ ማሽኑን እንተዋወቅ። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1990ዎቹ የኒውዮርኩ ሆፖግ ኩባንያ «ዊንቲቪ» የሚላቸውን ካርዶች ሲሸጥ፣ ስርጭቱ አናሎግ ነበር። ካርዱ የሚመጣለትን ሞገድ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት፤ ቁጥሩ ደግሞ የትየለሌ ነው። በአውሮፓው ስታንዳርድ አንድ ምስል 720 በ576 ነጥብ ሆኖ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይመጣል። ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በሴኮንድ 20 ሜጋባይት ገደማ፣ በሰዓት 75 ጊጋባይት አካባቢ ይወስዳል፤ ይህን የሚሸከም ሃርድ ዲስክ ያን ጊዜ በቤት ውስጥ አልነበረም። ፕሮሰሰሩ ምስሉን እየጨመቀ ይቅዳ ቢባል ሌላ ሥራ አይታሰብም፤ ትንሽ ከዘገየም ምስል ይዘላል። ኋላ ላይ እንደ ፒቪአር 250 ያሉ ካርዶች የመጨመቁን ሥራ ራሳቸው ላይ ለተተከለ ቺፕ ሰጡትና ፕሮሰሰሩ እፎይ አለ። በ1999 ቲቮና ሪፕሌይቲቪ የተባሉ ባለ ሃርድ ዲስክ መቅጃ ሣጥኖች አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀርበው ነበር፤ በ2002 ደግሞ አይዛክ ሪቻርድስ የተባለ ፕሮግራመር ያንኑ ሥራ በተራ ኮምፒውተር የሚሠራውን ሚዝቲቪ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ጀመረ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት የዊንዶውስ ኤክስፒን ሚዲያ ሴንተር እትም አወጣ።

ዲጂታል ስርጭት ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ቀለለ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለውም ይህን ነው። ከሳተላይት የሚወርደው ምልክት ጣቢያው ራሱ ጨምቆ የላከው ቁጥር ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ምንም መጭመቅ አይጠበቅበትም። ዲሹ ላይ ያለው ኤልኤንቢ ምልክቱን ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ አውርዶ በገመድ ይልካል፤ ቲዩነር ካርዱ የተፈለገውን ይመርጣል፤ ሶፍትዌሩ እያንዳንዳቸው 188 ባይት የሆኑትን ጥቃቅን ጥቅሎች በቁጥራቸው እየለየ ዲስክ ላይ ይጽፋል። አሮጌ ኮምፒውተር ለዚህ ይበቃል። የሚቀረው ቅጂም ከጣቢያው ከወጣው ጋር ባይት በባይት አንድ ነው፤ በቪዲዮ ካሴት ዘመን እንደነበረው ምስሉ በየቅጂው አይደበዝዝም። አንድ ፍሪኩዌንሲ ብዙ ቻናሎችን አጭቆ ስለሚይዝ፣ በአንድ ካርድ ከዚያ ፍሪኩዌንሲ አምስት ስድስት ቻናል በአንድ ጊዜ መቅዳት ይቻላል። ከተራ ሪሲቨር ይህን መጠበቅ ከባድ ነው። ደግሞም እነዚህ ጥቅሎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚነበቡ ስለሆኑ፣ ቀረጻ መሃል መብራት ቢጠፋ እስከዚያች ደቂቃ የተጻፈው ሁሉ ይታያል። ሳይጠናቀቅ የተቋረጠ ተራ ኤምፒ4 ፋይል ግን አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም። ለእኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስሌቱንም እንየው። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚላክ ተራ ጥራት ያለው ቻናል በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይወስዳል። የአንድ ሰዓት የምሽት ዜና ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ቢቀዳ 657 ጊጋባይት ይሆናል፤ አንድ ቴራባይት ዲስክ ይዞት ይተርፈዋል። የፕሮግራሙ ሰዓት ከስርጭቱ ጋር አብሮ ስለሚላክ ሶፍትዌሩ ዝርዝሩን አንብቦ፣ ሰዓቱ ሲደርስ የተኛውን ኮምፒውተር ቀስቅሶ ይቀዳል። (ማሽኑ የምሽቱን 2 ሰዓት ዜና 20 ሰዓት ብሎ ቢያሳይ መደናገር አያስፈልግም፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው።) በኢትዮሳት ስም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ የተሰበሰቡት የአገር ውስጥ ቻናሎች ያለ ክፍያ የሚታዩ በመሆናቸው፣ የሚያስፈልገው ዲቪቢ ኤስ2 የተባለውን የሳተላይት ስርጭት ስታንዳርድ የሚያነብ ካርድ ነው። በስማርት ካርድ የሚከፈቱ የክፍያ ቻናሎች ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ እነሱን ኮምፒውተር ዝም ብሎ አይቀዳቸውም።

አሁን ወደ ማስረጃው። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ቴፕ ውድ ስለነበረና ፕሮግራሙን ደግሞ ማሳየት ብዙም ስላልታሰበበት፣ ብዙ ሥራዎቹን አጥፍቶ በላያቸው ቀድቷል። «ዶክተር ሁ» ከተባለው ዝነኛ ተከታታይ ድራማ ወደ መቶ የሚጠጉ ክፍሎች በዚህ መንገድ ምስላቸው ጠፍቷል። የሁሉም ድምፅ ግን አለ፤ ያተረፉትም በየቤታቸው ቴፕ ሪኮርደር ደቅነው የቀዱ ተመልካቾች ናቸው። በአሜሪካ ደግሞ ፖል ሲምፕሰን የተባለ የናሽቪል የኢንሹራንስ ሰው ትላልቆቹ ጣቢያዎች የምሽት ዜናቸውን ለረጅም ጊዜ እንደማያስቀምጡ ሲያውቅ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲን ወተወተ፤ ዩኒቨርሲቲውም ከነሐሴ 5 ቀን 1968 ጀምሮ መቅዳት ያዘ። ሲቢኤስ በ1973 ከሰሰው፤ የ1976ቱ የቅጂ መብት ሕግ ግን ቤተ መጻሕፍት ዜና እንዲቀዱ ስለፈቀደ ክሱ እዚያው ላይ ቀረ። የፊላደልፊያዋ ማሪየን ስቶክስም አሉ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምረው በ2012 እስኪሞቱ ድረስ ብዙ መቅጃዎችን ሌት ተቀን እያሠሩ ወደ 70,000 የሚደርሱ ካሴቶች ትተዋል፤ ክምችቱን ኢንተርኔት አርካይቭ ተረክቦታል። የቀዱት ደግሞ ቀን ከቀን የሚተላለፈውን ዜና ነበር፤ ማንም ይጠፋል ብሎ የማይሰጋበትን፣ ስለዚህም ማንም የማያስቀምጠውን።

«ዛሬ ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ምን አስለፋ?» የሚል ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። እውነት አለው፤ ለአብዛኛው ሰው፣ ለአብዛኛው ፕሮግራም ይበቃል። ነገር ግን ዩቲዩብ ላይ ያለው ጣቢያው የመረጠው ነው። ጣቢያው ሲያፍርበት ያነሣዋል፣ የቅጂ መብት ክርክር ሲነሣ ይወርዳል፣ ጣቢያው ከተዘጋ ወይም ቻናሉ ከተሰረዘ በአንድ ቀን ባዶ ይሆናል። ዜና አንባቢው የተሳሳተውና በማግስቱ የተስተካከለው፣ በዜናውና በድራማው መካከል የገባው ማስታወቂያ፣ ድንገት ተቋርጦ የተነበበው መግለጫ በዚያ አይገኙም፤ የአንድን ዘመን መልክ የሚያጠና ሰው ግን አጥብቆ የሚሻው እነዚህን ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ሪሲቨር ወይም ቴሌቪዥን ላይ ፍላሽ ሰክቶ መቅዳት ይቻላል የሚለው ነው። ይቻላል፤ ግን ብዙ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ቅጂውን በራሳቸው ቁልፍ ስለሚቆልፉት በሌላ ማሽን አይከፈትም፤ ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ ቅጂውም አብሮ ይሞታል።

ሌብነት አይደለም ወይ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አሟግቷል። የፊልም ኩባንያዎች ሶኒን ቤታማክስ በተባለው የቪዲዮ መቅጃው ምክንያት ከሰው በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፕሮግራምን በኋላ ለማየት በቤት መቅዳት ሕግ መጣስ አይደለም ብሎ ወሰነ። የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. በአንቀጽ 9 አንድ ግለሰብ ለግል አገልግሎቱ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያባዛ፣ ከነገደቦቹ፣ ቦታ ትቷል። የተቀዳውን አባዝቶ መሸጥ ወይም በራስ ስም ማሰራጨት የሌላን ሰው እንጀራ መንጠቅ ነው፤ በዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር አይታየኝም።

ይልቅ የሚያሳስበው መቅጃ ኮምፒውተሩ ከሌላ አቅጣጫ መንገዱ እየተዘጋበት መምጣቱ ነው። ማይክሮሶፍት በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ሚዲያ ሴንተርን ጣለው፤ ዛሬ ሥራው በአብዛኛው እንደ ሚዝቲቪና ቲቪሄድኤንድ ባሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ላይ ወድቋል፤ እነሱን ለማስተካከል ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። በ2003 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ «መልሰህ አታሰራጭ» የሚል ምልክት በስርጭቱ ውስጥ ሲመጣ ሁሉም መቀበያ እንዲታዘዝ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ከሐምሌ 2005 ሊሠራ ሲል፣ ግንቦት ላይ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ሥልጣኑ የለውም ብሎ ሻረው። ያኔ በደንብ ያልተገኘው አሁን በቴክኒክ እየመጣ ነው፤ ኤቲኤስሲ 3.0 በተባለው አዲሱ ስታንዳርድ ብዙ የአሜሪካ ጣቢያዎች በአንቴና በነፃ የሚታየውን ስርጭት ሳይቀር እየመሰጠሩት ነው፤ ኤችዲሆምረን የመሳሰሉ ለኮምፒውተር የተሠሩ መቀበያዎችም የተመሰጠረውን መክፈት አልቻሉም። አሮጌው ስርጭት ጎን ለጎን ሳይቆለፍ ስለሚተላለፍ ጉዳቱ ገና አልተሰማም። ጣቢያዎቹ ግን አሮጌውን እንድናቆም ይፈቀድልን እያሉ ኮሚሽኑን እየጠየቁ ነው።