የሊንከን ፓርቲና የሩዝቬልት እንጀራ፤ በችግር ዘመን ስለ መራጮች መሻገር

መራጭ ከአባቱ የወረሰውን ፓርቲ የሚተወው መቼ ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሲርበው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ መሆኑን በ1929 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተነሣው ታላቁ የኤኮኖሚ ውድቀት ያስረዳናል።

በ1928 ሪፐብሊካኑ ኸርበርት ሁቨር ከ48ቱ ግዛቶች 40ውን አሸንፈው ነበር፤ በ1932 የቀሩላቸው 6 ብቻ ናቸው። የኔብራስካው ሴናተር ጆርጅ ኖሪስ እንኳ፥ ሪፐብሊካን ሆነው ሳሉ፥ ዴሞክራቱን ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ደገፉ። እርሻው በዕዳ የተያዘበት ገበሬና ሥራ የፈታው ሠራተኛ መሻገሩ አያስደንቅም።

የሚያስደንቀው ያልተሻገሩት ነገር ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ከሥራ በመባረር ቀዳሚዎች ሆነው ሳለ፥ በ1932 ድምፅ መስጠት ከቻሉት አብዛኞቹ የመረጡት ሁቨርን ነበር። ሪፐብሊካን ማለት ለእነሱ የአብርሃም ሊንከን ፓርቲ ነው፤ ዴሞክራት ማለት ደግሞ በደቡብ ድምፃቸውን የሚነፍጋቸው ገዢ ነው። የፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ አዘጋጅ ሮበርት ቫን በዚያው ዓመት የሊንከን ውለታ ተከፍሎ አልቋልና ሥዕላቸውን ወደ ግድግዳ አዙሩት ብለው ቢመክሩም፥ ብዙው ሰው ገና አልሰማቸውም። ረኀብ ብቻውን እንዲህ ያለውን ታማኝነት አይሽርም።

የሻረው በእጅ የገባ ደመወዝ ነው። አዲሱ መንግሥት ያቋቋማቸው የሥራ ፕሮግራሞች፥ አድልዎ ባይጠፋባቸውም፥ በሰሜን ከተሞች ለጥቁሩም ከፈሉ። በ1934 በቺካጎ ዴሞክራቱ አርተር ሚቸል ሪፐብሊካኑን ኦስካር ደ ፕሪስትን አሸንፈው ኮንግሬስ ገቡ፤ ሁለቱም ጥቁሮች ነበሩ፤ ሚቸል ራሳቸውም ቀድሞ ሪፐብሊካን ነበሩ። በ1936 ከጥቁር መራጮች በግምት ከመቶ 70 ያህሉ ለሩዝቬልት ድምፃቸውን ሰጡ።

ታዲያ ምን አተረፉ? በ1935 የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት አገልጋዮችን አገለለ፤ የብዙ ጥቁሮች ሥራ ደግሞ ይኸው ነበር። ሰውን ያለ ፍርድ በመንጋ መግደልን ለመከልከል የቀረበውንም ሕግ ሩዝቬልት አልገፉበትም፤ የደቡብ ሴናተሮችን ድምፅ ይፈልጉ ነበርና። በዚህ ምክንያት መራጮቹ ተታልለዋል የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልቀበለውም። በድህነት ላይ ያለ ሰው ከቀረቡለት ሁለት ጎደሎ ነገሮች የሚበላውን መምረጡ ሞኝነት አይባልም፤ ደግሞም አንድ ጊዜ የተሻገረ መራጭ ሁለተኛ ሊሻገር እንደሚችል ፓርቲዎቹ ተረድተዋል። ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የዘር ልዩነት እንዲቀር ያዘዙት በሐምሌ 1948 ነው፤ ምርጫው በኅዳር ነበረ።